ከደጃፍ የማይጠፋ ቅጠል

ቡልቡላ ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከደምበል ሐይቅ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ አጠገቧን አልፎ ወደ አብጃታ ይወርዳል። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። አፈሩ አሸዋ ይበዛበታል፣ የበጋው ፀሐይ ብርቱ ነው። ዳማከሴ ደጋና ወይና ደጋ የሚወድ ቁጥቋጦ በመሆኑ እዚህ የሚለመልመው የሚያጠጣው ሰው ካገኘ ነው። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «እማማ» ይላቸዋል። እኔ በከተማዋ ጤና ጣቢያ መድኃኒት በብልቃጥና በካርቶን የማድል ፋርማሲስት ነኝ፣ እሳቸው ከደጃቸው ቀጥፈው ይሰጣሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና እየተፈላ እንዲህ ተነጋገርን።

እኔ፦ እማማ፣ ከጠዋት ጀምሮ ዳማከሴ የሚለምንዎት ሰው አልተቋረጠም። አይሰለችዎትም?

እማማ፦ ምኑ ይሰለቻል ልጄ? ዳማከሴ ተለምኖ ተከልክሎ አያውቅም። ምች የመታው ሰው በእኩለ ሌሊት በሬን ቢያንኳኳ ተነስቼ እቀጥፍለታለሁ። ደግሞ ሲቀጠፍ ነው የሚያቆጠቁጠው። ያልተነካ እንደሆነ ግንዱ እንጨት ይሆንና ቅጠሉ ይሳሳል።

እኔ፦ ውኃ በዚህ ሁሉ ችግር እየተገኘ ለሰፈር ሁሉ ማጠጣት ግን ቀላል አይደለም።

እማማ፦ ጎመን ያጠብሁበትን ነው የማፈስለት። ሳሙና ያልነካው ውኃ ከሆነ አይጠላም። በበጋ ማታ ማታ ነው፣ ቀን ካጠጣሽው ፀሐዩ ከሥሩ ይመጠዋል። ከግድግዳው በስተምሥራቅ የተከልሁት ለዚህ ነው። የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ከሰዓቱ ግን ጥላ ይሆንለታል። ይኸውልሽ፣ ከኔ በላይ ሆኗል።

እኔ፦ አስተሻሸቱን ላየው እፈልጋለሁ። እኛ ቤት እናቴ ታሽልን ነበር፣ ግን ልጅ ሆኜ አፍንጫዬን ይዤ ከመሮጥ በቀር አላየሁትም።

እማማ ተነሡና ከላይኛው ቅርንጫፍ ለጋውን እፍኝ አድርገው ቀጠፉ። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት የበቀሉ፣ ጠርዛቸው የመጋዝ ጥርስ የሚመስል፣ ገና ሳይነኩ ሽታቸው የደበዘዘ ናቸው። አጠቡትና ውኃውን አራገፉ። ከዚያ በግራ መዳፋቸው ይዘው በቀኝ አውራ ጣታቸው ሥር ማሸት ጀመሩ። መጀመሪያ ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል፤ ቀጥሎ ይልማል፤ ኋላ ግን ጥቁር አረንጓዴ አረፋ ከጣታቸው መሐል ይወጣል። ያን ጊዜ ሽታው ግቢውን ሞላው፤ ዓይኔ አለቀሰ። ንጹሕ ነጠላ ጫፍ ላይ አድርገው ሲጨምቁት ጠብታው ወፍራም ነበር። ስኒ ውስጥ አንጠባጠቡት፣ በላዩ ትኩስ ቡና ቀዱበት። የቀረውን በጣታቸው ይዘው ግንባሬን፣ የጆሮዬን ሥርና አንገቴን ቀቡኝ።

እማማ፦ ለአፍንጫም ጠብ ይደረጋል። ታስነጥሺያለሽ፣ ዓይንሽ ያነባል፣ ከዚያ ራስሽ ይከፈታል። ቅጠሉን መቀቀል ግን የለም። አንዳንድ ሰው አሁን እንደ ሻይ ያፈላታል አሉ። በኦሮምኛ ቆርሳ ሚቺ ብለው የሚወስዱት ከወንዙ ማዶ ያሉ ጎረቤቶቼም ቢሆኑ እሳት አያሳዩትም። ጥሬውን፣ ትኩሱን ነው።

እኔ፦ እማማ፣ ይህን ሲሉ አንድ ትልቅ ታሪክ አስታወሱኝ። ለወባ የምንሰጠው ኮአርተም አለ አይደል? ውስጡ ያለው መድኃኒት መነሻው ከቻይና ቅጠል ነው። የአሪቲ የቅርብ ዘመድ የሆነች ተክል ናት። ቱ ዩዩ የምትባል ሳይንቲስት ቅጠሏን ስትመረምር ውጤቱ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም ይሆንባት ነበር። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ የሐኪም መጽሐፍ ስታነብ ግን እፍኝ ቅጠል በውኃ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጭማቂውን ጠጣ የሚል አገኘች። አፍላ አይልም።

እማማ፦ ጨምቅ ነው የሚለው! እሰይ!

እኔ፦ እሷም ሙቀቱ መድኃኒቱን እያጠፋው መሆኑን ጠረጠረች። በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ፈሳሽ ስታወጣው በእንስሳት ላይ ሠራ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ በዓመቱ ንጥረ ነገሩን ለብቻው ለዩት። በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች። ኢትዮጵያም ኮአርተምን ለወባ ዋና መድኃኒት አድርጋ የያዘችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። አሁን እኔ መስኮት ላይ ለሚመጣው ሁሉ የምቆጥረው ኪኒን መንገዱ በዚያች «ጨምቅ» በምትል ትእዛዝ አልፏል።

እማማ፦ እንግዲህ የዚያ መጽሐፍ ጸሐፊም ከሴቶች ሰምቶ ይሆናል። እሳት ዳር የዋለች ሴት ናት ምን በእሳት እንደሚጠፋ የምታውቀው።

እኔ፦ ከማን እንደሰማ እንኳ መናገር አልችልም። የእንዶድን ታሪክ ግን በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኘ። የቢልሃርዝያ ትል የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። የእንዶድ ጥናት የተነሣው ከዚያ ወንዝ ዳር ነው፤ ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ደምበል ዳርም በሽታው አለ፤ ለኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

እማማ፦ እናቴ ነጠላ በእንዶድ ነበር የምታጥበው። በረዶ ይመስል ነበር። አሁን ዘለላውን እንኳ የሚለይ ልጅ የለም።

እኔ፦ እኔን የሚያስደንቀኝ ሁለቱም ሳይንቲስቶች ተክሉን ብቻ አለማየታቸው ነው። የያዘውን እጅ አዩ። እንዴት እንደሚጨመቅ፣ የት እንደሚታጠብበት። ዳማከሴም ሳይንስ ነክቶታል፤ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ከቅጠሉ የወጣው ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳይተዋል። የበሶብላ ወገን ነው፤ ጦስኝ፣ ናናና የጥብስ ቅጠልም የአንድ ቤተሰብ ናቸው።

እማማ፦ እና አሁን ምን ልትዪ ነው? መግቢያሽ ረዝሟል፣ ልጄ።

እኔ፦ እውነትዎን ነው። ልል የፈለግሁት ይህን ነው። ቡልቡላ የወባ አገር ናት። ከመስከረም እስከ ኅዳር ጤና ጣቢያው በትኩሳት ይሞላል። ብዙ ሰው ግን ትኩሳት ሲይዘው መጀመሪያ «ምች ነው» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። እርስዎ ጋ መጥቶ ቅጠል ይወስዳል። ይሻለዋል፣ ከዚያ ይመለስበታል፣ ከዚያ ደግሞ ቅጠል ይወስዳል። ሦስተኛው፣ አራተኛው ቀን ላይ ራሱን ስቶ ይመጣል። በተለይ ሕፃን ከሆነ ያ ጊዜ ብዙ ነው።

እማማ፦ ምችና ወባ ይለያያሉ እኮ! ምች ከንፈርን ያወጣል። ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ፀሐይ ውስጥ ሲገባ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ ወይ ተልባ ጠጥቶ ሲወጣ ይመታዋል። በነጋታው ከንፈሩ ይፈነዳል። ወባ ደግሞ ያንቀጠቅጣል። እኔ አርባ ዓመት እዚህ ስኖር ሳልለይ ቀርቼ ነው?

እኔ፦ ይለያሉ፣ እማማ። ግን የከንፈሩ ነገር ያታልላል። ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ከቫይረስ ነው። አንዴ ሰውነት ከገባ በነርቭ ሥር ተኝቶ ይኖራል፣ ሰውነት በደከመ ቁጥር ይነሣል። ብርቱ ፀሐይ ያስነሣዋል፤ እርስዎ የሚሉት ፀሐይ እውነት አለው። ማንኛውም ብርቱ ትኩሳትም ያስነሣዋል። ወባም እንዲሁ። ስለዚህ የወባ ሕመምተኛ ከንፈሩ ፈንድቶ ይመጣና እርስዎም እሱም ምች ነው ብላችሁ ትስማማላችሁ።

እማማ ጥቂት ዝም አሉ። ጀበናውን አንሥተው ቶናውን ቀዱ። እኔም የምናገረውን እየሰበሰብሁ ነበር፤ ለአንድ አዛውንት ዕድሜ ልክ ያወቁትን ነገር ማስተካከል በድፍረት የሚነገር አይደለም፣ ግን ደግሞ ዝም ቢባል ሰው ይሞታል።

እማማ፦ ታዲያ ቅጠሉን ተዉ ነው የምትዪኝ?

እኔ፦ በፍጹም! ቅጠሉን ሲሰጡ አንድ ቃል ይጨምሩ ነው የምለው። «ይኸው ጭመቅ፣ ግን ዛሬውኑ ደምህን አስመርምር» ይበሉት። ጣት ተወግቶ አንድ ጠብታ ደም ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽኗም ትሠራዋለች። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምናው ከተጀመረ ወባ ብዙውን ጊዜ አይከፋም። አንዱ የወባ ዓይነት በኮአርተም፣ ሌላው በክሎሮኪን ይታከማል፤ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ምርመራው ነው። ዳማከሴው ትኩሳቱን ሊያበርደው ይችላል። የበረደ ትኩሳት ግን የዳነ በሽታ አይደለም፤ ፓራሲታሞልም ያው ነው፣ ያሞኛል።

እማማ፦ አንድ ቃል መጨመር አይከብደኝም። ሰው ግን የሰጠሁትን ቅጠል እንጂ ቃሌን የሚወስድ ይመስልሻል?

እኔ፦ እርስዎን ይሰማሉ። እኔ መስኮት ላይ ሆኜ ብናገር የመንግሥት ቃል ነው። እርስዎ ቅጠል እየቀጠፉ ሲናገሩ የጎረቤት ቃል ነው።

እማማ፦ ይሁን እሺ። እላለሁ።

እኔ፦ ዳማከሴን አንድ የምወድለት ነገር ደግሞ አለ። የኛ አገር መድኃኒት ብዙው ምሥጢር ነው። አዋቂው ስሙን አይናገርም፣ ሲቆፍር ሰው እንዲያየው አይፈልግም፣ ለልጁም የሚነግረው ሞቱ ሲቃረብ ነው። ብዙ እውቀት እንዲህ አፈር ገብቷል። ዳማከሴና ጤና አዳም ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። ስማቸው ይታወቃል፣ መልካቸው ይታወቃል፣ ያለ ገንዘብ በአጥር ላይ ይተላለፋሉ።

እማማ፦ የተደበቀ መድኃኒት ምን ይሠራል? ሰውዬው ሲሞት አብሮት ይሞታል።

እኔ፦ ፈረንጆቹም እንዲሁ በደጃፍ የሚያቆዩት አላቸው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሮ የምትባል ተክል አለች፣ ቅጠሏ ደቃቅ ደቃቅ ሆኖ የተሸነሸነ፣ አበባዋ ነጭ። ከአሪቲ ጋር አንድ ቤተሰብ ናት። ድሮ ወታደሮች ቁስላቸው ላይ አድርገው ደም ያቆሙባት ነበር፤ በግሪኮች ተረት አኪለስ የተባለው ጀግና የሠራዊቱን ቁስል በሷ አከመ ይባላል፣ የሳይንስ ስሟም ከሱ የወጣ ነው። ዛሬም ንብ ስለምትወዳት፣ ድርቅም ስለምትችል አትክልት ወዳጆች ግቢያቸው ውስጥ ይተክሏታል። የደም ማቆሚያ ፋሻ በየሱቁ ሞልቶ እንኳ ሰዎቹ አልተዋትም።

እማማ፦ ድርቅ የምትችል ከሆነች ለቡልቡላ ነበር። ግን እኔ ያለኝን ላሳድግ። ጤና አዳሜን አይተሻል ወይ? ሁልጊዜ ዳማከሴ ዳማከሴ ስትዪ ታዝናለች።

ከደጃፉ በስተግራ በአሮጌ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለች ጤና አዳም አለች። ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት አረንጓዴ ቅጠል፣ ቢጫ አበባ፣ በአራት የተከፈለ ፍሬ። ጠጋ ብዬ ሳይ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ጥቁርና ነጭ የተቀባባ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ነበር። ተንቀሳቀሰ። ከጎኑ ደግሞ ወፍራም አረንጓዴ ትል ቅጠሉን ከጫፍ ወደ ሥር እየከረከመ ነው። በእንጨት ስነካው ከራሱ ኋላ ሁለት ቀይ ብርቱካናማ ቀንዶች አወጣና የሚሰነፍጥ ሽታ ለቀቀ።

እማማ፦ ተይው፣ ተይው! ቢራቢሮ ይሆናል። ሎሚውንም ይበላል እሱ።

እኔ፦ ጤና አዳምና ሎሚ አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ነው። እርስዎ አይገድሉትም?

እማማ፦ ግማሹን ለሱ፣ ግማሹን ለቡናው። አይጨርሰውም። ይልቅ ከዚያች ጫፍ አንድ ዘለላ ቀንጥሺና ስኒሽ ውስጥ ጨምሪ። ፍሬውን እኔ ለበርበሬ አስቀምጠዋለሁ፤ አይብ ላይም ቅጠሉን ጣል አደርጋለሁ።

እኔ፦ ቡና ላይ አንድ ዘለላ ደስ ይለኛል። ግን ሰው ከዚህ ያልፋል፣ እማማ። ለሕፃን የሆድ ቁርጠት እያሉ ቅጠሉን አሽተው ገላውን ይቀቡና ፀሐይ ላይ ያስቀምጡታል። እዚህ አገር ደግሞ ፀሐዩ ምን እንደሆነ ያውቁታል። በጤና አዳም ጭማቂ ውስጥ ቆዳን ለፀሐይ የሚያጋልጥ ንጥረ ነገር አለ። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው በማግስቱ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፣ ጠባሳውም ጠቁሮ ይቀራል። ሎሚ በእጁ ጨምቆ ፀሐይ ላይ የሠራ ሰውም እንዲህ ይሆናል።

እማማ፦ እኔ ቅጠል ስቆርጥ እጄ ላይ የሚወጣው እሱ ነው እንዴ? በበጋ ብዙ ስከረክም ክንዴ ላይ ይቆስል ነበር፤ ጉንዳን ነው እል ነበር።

እኔ፦ ሊሆን ይችላል። ከቀጠፉ በኋላ በሳሙና ይታጠቡ፣ ወይም ማታ ይቁረጡ። ሌላው ነፍሰ ጡር ናት። ማጣፈጫ ያህል ቅጠል አይደለም የምለው፤ ጨምቃ ወይ ቀቅላ በብርጭቆ የምትጠጣ እንደሆነ ግን ማኅፀን ያስቆጣል፣ ፅንስ ያስወርዳል። ለዚሁ ብለው ጠጥተው ጉበትና ኩላሊታቸው የተጎዳ ሴቶች በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግበዋል። ወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉ ባለሙያዎች መዓዛማና መድኃኒት ዕፅዋትን የሚያጠኑት፣ ይህን ያህል ኃይል በአንድ ቅጠል ውስጥ ስላለ ነው።

እማማ፦ እናቴም ለእርጉዝ አትሰጥም ነበር። ለምን ስላት «አይሆንም» ብቻ ትለኝ ነበር።

እኔ፦ ያ «አይሆንም» ነው የሚያስፈልገን። አሁን የቡልቡላ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየአገሩ ወጣት ይመጣል፣ ኪራይ ቤት ሲሚንቶ ግቢ ነው፣ ቅጠል የሚገዛው ከገበያ ነው። ቅጠሉን የሚሸጥ ሰው የእናትዎን «አይሆንም» አይሸጥለትም። የቅጠሉን ጭማቂ በደረቅ ዱቄት ለውጦ የሚያዞርም አለ፤ የሚሸተው ዘይት ከፊሉ ሲደርቅ በንፋስ ሄዷል። የቻይናዋን የወባ ቅጠል እንኳ ሰው በሻይ እያፈላ እየጠጣ ራሱን ሲያክም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አይመከርም ብሏል። መጠኑ አይታወቅም፣ ጥገኛ ተሕዋስያኑም መድኃኒቱን ይለምዱታል።

እማማ፦ እኔ ዱቄት አልሰጥም። ግን ያ ከፎቁ በታች የሚከራየው ልጅ መሬት ባይኖረውም ቆርቆሮ አለው አይደል? ጤና አዳም ቆርቆሮ ይበቃታል። ዳማከሴ ነው ሰፋ ያለ የሚፈልገው፤ አንድ ጀሪካን አፉን ቆርጠሽ ታችውን ብትበሺው ይሆናል።

እኔ፦ ቅርንጫፉ እንዴት ነው የሚተከለው?

እማማ፦ ክረምቱ ሲገባ፣ ከሰኔ አጋማሽ ወዲያ። ለጋ አይደለም፣ እንጨት የጀመረውን፣ አራት ዓይን ያለው ትቆርጫለሽ። ታችኛውን ቅጠል ትመለምዪና ሁለቱን ዓይን ትቀብሪዋለሽ። አሸዋውን በበሰበሰ ፍግ ትቀላቅያለሽ። ፀሐይ አታሳዪውም እስኪይዝ። ሲይዝ ግን አዲስ ቅጠል ራሱ ይነግርሻል።

እኔ፦ ለጤና ጣቢያው በርም ልውሰድ? ወረፋ ጠባቂዎቹ ጥላ ሥር የሚቀመጡበት ቦታ አለ።

እማማ፦ ውሰጂ። ግን እዚያ ስትተክዪው አጠገቡ ሁኚና ቆርጦ ለሚወስድ ሁሉ ያን የደሙን ነገር ንገሪው። እኔም ከዛሬ ጀምሮ እላለሁ። ያቺ ከበስተጀርባ ያለችው ልጅ ደግሞ ሰባተኛ ወሯ ነው፣ ባለፈው ሆዷን ሲቆርጣት ጤና አዳም በብርጭቆ ትጠጣ ነው ያሏት። ጀበናውን አስቀምጪልኝ፣ ሄጄ ልንገራት።